ድኩላውና የወይራው ታኮ

መሪ የያዝሁበት የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ መንግሥት መጨረሻ ግድም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሦስት ካሚዮን የነበሯቸው ነጋዴ ባላምባራስ ይግዛው ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ቁልፉንና ሊብሬውን ሰጡኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም።

«ዘለቀ» አሉኝ፣ «መኪናዋን የሚያውቃት ሙጬ ነው። አንተ መሪውን ያዝ፣ እሱን ደግሞ ስማ።»

ሙጬ ረዳቴ ነው። ረዳት ሲባል የዛሬ ልጆች በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኽ ጎረምሳ ይመስላቸዋል። ሙጬ ግን በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፊደል ስላልቆጠረ መንጃ ፈቃድ አላወጣም እንጂ የሞተር ሕመም በድምፁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር። በማዕረግ ሾፌሩ እኔ ነኝ፤ በጠባይ ግን አዛዡ እሱ ነበር። እኔ «አያ ሙጬ» እለዋለሁ። እሱ ሰው ፊት «ሾፌር» ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ ልጅ» ይለኛል።

በዚያ ቀን ሞተር ሳናስነሣ ጋቢናውን ከፈተና ከወንበሩ ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ አወጣ። የወይራ ግንድ ነው፣ ራሱ በመጥረቢያ የጠረበው። በአንድ በኩል ቀጠን ብሎ ጎማ ሥር እንዲገባ፣ በሌላው በኩል ወፍሮ ጎማውን እንዲያግድ ተደርጎ የተሠራ። ወፍራሙ ጫፍ ተበስቶ የጠፍር ገመድ ታስሮበታል። ታኮውን የምናወጣው በገመዱ ስበን ነው፤ እጅ ጎማ ሥር አይገባም።

«ከዚች መኪና መጀመሪያ የሚወርደው ታኮ ነው» አለኝ። «ቀጥሎ ረዳት። መጨረሻ ሾፌር። ጃንሆይ ራሳቸው መንገድ ዳር ቆመው ቢጠብቁህ እንኳ ያው ነው።»

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። መኪናዋ ስትቆም ሾፌሩ የእግር ፍሬን እንደ ረገጠ ይቆያል። ሞተር ያጠፋል፣ ማርሽ ያስገባል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርድና የኋላ ጎማ ሥር ያስገባል። ከዚያ «ገብቷል!» ብሎ ይጮኻል። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬን የሚያነሣው ይህን ሲሰማ ብቻ ነው። የእኛዋ መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ደክሞ ነበር። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል እየተባለ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል።

እኔ በልቤ ይህ ሰውዬ አበዛው እል ነበር። ሜዳ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም እንኳ ሳይቀር ታኮ ይጥላል። ሉማሜ ላይ ሌሎቹ ሾፌሮች «የሙጬ መኪና እኮ ካልታሰረች ትሰረቃለች» እያሉ ይስቁብን ነበር። እሱም ሻዩን እየነፋ «የታሰረች ፈረስ ጌታዋን ፍለጋ አታስወጣም» ይላቸዋል።

ሥራችን ጭነት ነው። ወደ አዲስ አበባ ጤፍና ኑግ ጭነን በሉማሜና በደጀን አድርገን አባይን እንወርዳለን። ስንመለስ ጨው፣ ቆርቆሮና ሚስማር እንጭናለን። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ቡሬ ሄደን በርበሬ እናመጣለን። የበርበሬ ጭነት ያለበት ቀን ከጋቢና እስከ ኋላ የማያስነጥስ ሰው የለም።

አሁን ስለ አውሬው ልንገራችሁ፤ በዚያ ዘመን መንገዱ ላይ ከሽፍታም ከጭቃም ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ ድኩላና ሚዳቋ ነው። ዛሬ ጫካው አልቆ እርሻ ሆኗል። ያኔ ግን በየወንዙና በየደብሩ ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። ጎህ ሲቀድ ውኃ ሊጠጡ ይወርዳሉ። መንገዱ ደግሞ በእነሱና በውኃው መካከል ያልፋል።

አያ ሙጬ ጠባያቸውን አንድ በአንድ አስተማረኝ። ሚዳቋ ፊት ለፊትህ ትንሽ ትሮጥና ድንገት ትታጠፋለች፤ ስለዚህ አለፈች ብለህ ነዳጅ አትርገጥ። ድኩላ መብራት ሲያይ ደርቆ ይቆማል፤ መብራቱን ዝቅ አድርግና ክላክስ ንፋ። ሴቷ ከተሻገረች ወንዱ ከኋላዋ ሊኖር ይችላልና ጠብቅ። ይህን ሁሉ አውቄም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት የፊት መብራትና አንድ ራዲያተር አሰብሬአለሁ።

አንድ ቀን ከሉማሜ ወጣ እንዳልሁ አንዲት ሚዳቋ ዘላ ገባችብኝ። አሳዘነችኝና መሪውን ጠመዘዝሁ። እሷ ዳነች። እኛ ቦይ ውስጥ ገባን። እስከ ከሰዓት ድረስ የሰፈሩ ገበሬዎች ስድስት በሬ ጠምደው፣ ዕርፋቸውን ጥለው ጎተቱን። ምንም አልተቀበሉንም፤ ጠላ አጠጥተው ሸኙን። እግዜር ይስጣቸው፣ የዚያ ቀን ውለታቸው እስካሁን አለብኝ።

አያ ሙጬ አልተቆጣኝም። ጭቃውን ከእግሩ እያራገፈ «ካዘንህላት በፍሬን እዘንላት» አለኝ። «በመሪ አትዘን። መሪ የሰው ነው።»

ያልነገርኋችሁ አንድ ልማድ አለ። ድኩላ በመኪና ተመትቶ ከሞተ ብክት ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም አይበላውም፣ የጅብ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ካረዱት ግን ሥጋ ሆነ። ስለዚህ የብዙ ሾፌር ጋቢና ውስጥ ስለት የማይለየው ካራ ነበር። አውሬ የመታ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ካራውን መዝዞ ይሮጣል። ከሞት ጋር እሽቅድምድም ነው። የቀደመ ሥጋውን ሉማሜ ወይም አማኑኤል አውርዶ ከወዳጆቹ ጋር ይበላል፤ የተቀደመ ወር ሙሉ ይሾፍበታል። ሰይድ የሚባል እስላም ጓደኛ ነበረን። እሱ ያረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እሱ አይበላም፤ ቆዳው ላይ ግን ሁላችንም እንጣላ ነበር።

አያ ሙጬ ይህን ነገር አይወደውም። «ሾፌር አዳኝ ከሆነ ዓይኑ ከመንገድ ይወጣል» ይላል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ቀድሜ አርጄ ስሜ ተጠርቷል። ካራዬንም ጥርብ ድንጋይ ላይ በየሳምንቱ እስለው ነበር። እንዲያ ነበርሁ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ እናኑ ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ እሑድ ዋለ። ባላምባራስ ይግዛው ራሳቸው «ክርስትናውን እኔ አነሣዋለሁ» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ባላምባራስ አበልጄ ሊሆኑ ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት ባለ ሦስት ካሚዮን ነጋዴ ሊሆን ነው። አንድ በግ ገዝተናል፣ ጠላ ተጠምቋል። ለእኔ ግን አነሰኝ።

«በጉ ይበቃል» አለችኝ እናኑ። «ሰውዬው ሥጋ አጥተው አይደለም እኛ ቤት የሚመጡት።»

እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከቡሬ በርበሬ ጭኜ ስመለስ ሐሳቤ ሁሉ ድግሱ ላይ ነበር። ዓርብ ማታ ደንበጫ አድረን ሲነጋጋ ነበር የተነሣነው። አማኑኤል ከተማ ላይ ለደብረ ማርቆስ ገበያ የሚሄዱ ስምንት ሰዎች ለምነውን ከጭነቱ ላይ ወጡ። ሰው በጭነት ላይ መጫን አይፈቀድም፤ የማይጭን ሾፌር ግን አልነበረም። ከስምንቱ አንዷ ሦስት ዶሮ በቅርጫት የያዙ ባልቴት ነበሩ።

ከአማኑኤል ወጣ ብሎ አንድ ቁልቁለት አለ። በስተቀኝ የደብር ደን ነው፤ ከታች ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለው። ቁልቁለቱን አጋምሰን ሳለ ከደኑ አንድ ወንድ ድኩላ ዘሎ ወጣ። ክላክስ ነፋሁ፣ ፍሬን ረገጥሁ፣ መሪ አልጠመዘዝሁም። የመኪናዋ የቀኝ ጥግ መታው። ሄዶ ከመንገዱ ዳር ወደቀና እግሩን መወራጨት ጀመረ።

«እግዚአብሔር ለልጄ ላከለት» አልሁ በልቤ። እንደዚህ ነው ያልሁት።

ሞተሩን አጠፋሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። ማርሽ ግን አላስገባሁም፤ በፎሌ ነው የተውኋት። «ገብቷል» የሚለውንም አልጠበቅሁም። እግሬን ከፍሬን አንሥቼ፣ ካራዬን መዝዤ ዘለልሁ።

አያ ሙጬ በወዲያኛው በር ወርዶ አንዱን ታኮ ከወንበሩ ሥር እየሳበ ነበር።

«አያ ሙጬ! ና ቀንዱን ያዝልኝ!» አልሁት።

«ታኮውን ልጣል፣ ቆይ» አለ።

«ተወው! ይሞትብናል እኮ! ሾፌሩ እኔ ነኝ አይደል? ና ስልህ!»

እንዲያ ብዬው አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ሰዎቹ ከጭነቱ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ታኮውን በብብቱ እንደያዘ መጣና በአንድ እጁ የድኩላውን ቀንድ ያዘ። እኔ ተንበረከክሁ። አንገቱን ዳሰስሁ። በስመ አብ ብዬ ገና ሳልጨርስ ከወደ መኪናው የባልቴቷ ጩኸት መጣ።

«ኧረ መኪናው! ኧረ የሰው ያለህ፣ እየሄደ ነው!»

ዞር ስል መኪናዋ ትሄዳለች። ሞተር ስለሌላት ድምፅ የላትም፤ ኮረኮንቹ ብቻ ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ እንደ ሰው እርምጃ ነበር አካሄዷ። ከዚያ ፈጠነች። በርበሬውና ስምንቱ ሰው ወደ ድልድዩ ይወርዳሉ። እኔ ካራዬን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ድኩላ መብራት ሲያይ እንደሚሆነው ሆንሁ።

አያ ሙጬ ግን ሮጠ። ያን ዕድሜውን ይዞ ሮጠ። በኋላ ጎማው ጎን ደርሶ ታኮውን ከፊቱ ወረወረ። ጎማው ገፋውና ተንሸራተተ። ደግሞ ተከትሎ አነሣው። ገመዱ የት እንዳለ መፈለጊያ ጊዜ አልነበረውም፤ ታኮውን በመዳፉ ይዞ ጎማው ሥር ሰነቀረው፤ እጁም አብሮ ገባ። ጎማው ታኮው ላይ ወጣ ሲል እንጨቱ ጮኸ። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። የፊት ጎማዋ ከድልድዩ አፋፍ ሁለት ክንድ ቢቀረው ነው።

ሰዎቹ ይጮኻሉ፣ ዶሮዎቹ ይጮኻሉ። አያ ሙጬ አልጮኸም። ከመሬት ላይ ሆኖ እጁ ጎማው ሥር እንዳለ እኔን አየኝና በተለመደው ድምፁ አንድ ቃል ተናገረ።

«ገብቷል» አለ።

ያን ቃል ስሰማ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ዘልዬ ጋቢና ገባሁ። ፍሬን ረገጥሁ፣ ሞተር አስነሣሁ፣ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ትንሽ ወደ ኋላ ስትል ሰዎቹ ወርደው እጁን አወጡለት። ባልቴቷ ነጠላቸውን ቀድደው አሰሩለት። ሁለተኛውን ታኮ እኔ ራሴ አውርጄ ጎማው ሥር አስገባሁ።

ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለን አየን። ድኩላው ተነሥቶ ቆሟል። ደንዝዞ ነበር እንጂ አልተሰበረም። ራሱን አራገፈ፣ ትንሽ አነከሰ፣ ዞር ብሎ አየንና ወደ ደኑ ገባ።

«እሱስ ነፍሱን ያውቃል» አሉ ባልቴቷ።

አያ ሙጬን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረስሁት። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከመገጣጠሚያቸው ተቆረጡ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ባላምባራስ ፊት ቆምን። ወሬው ከእኛ በፊት በገበያተኞቹ ደርሷቸው ነበር፤ ታኮውን ማን እንዳስተወ ግን አልሰሙም።

«ታኮ ሳይጣል ነው አሉኝ። እውነት ነው?» አሉ።

ታኮ መጣል በደንቡ የረዳት ሥራ ነው። አያ ሙጬ አንገቱን ደፋ አደረገ።

«እውነት ነው ጌታዬ። እኔ ነኝ፣ ዘነጋሁ» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። መናገር ነበረብኝ። መንጃ ፈቃዴን አሰብሁ፣ የነገውን ክርስትና አሰብሁ፣ ልጄን አሰብሁ፤ ዝም አልሁ። የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ታኮውን ማስተዌ አይመስለኝም፤ ይኸ ዝምታዬ ይመስለኛል።

«ስምንት ነፍስ!» አሉ ባላምባራስ። «ስንት ዘመን አምኜህ! ከእንግዲህ መኪናዬን እንዳትነካ።»

አያ ሙጬ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከበር ውጭ ሮጬ ደረስሁበት።

«አያ ሙጬ፣ ምነው? ለምን እንዲህ አልህ?»

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ሾፌር ስምንት ሰው ሊፈጅ ነበር ከተባለ መሪ የሚሰጠው ጌታ አያገኝም። ረዳት ታኮ ረሳ ቢባል ግን ማን ጉዳዬ ይለዋል? እኔ ሮብ ገበያ አገር ወንድሜ ዘንድ እርሻ አለኝ። ሂድ አሁን፣ ነገ ልጅህ ክርስቲያን ይሆናል። ከደጀ ሰላሙ ቆሜ አየዋለሁ።»

ሁለት ጣት የሌለው ሰው ዕርፍ እንዴት እንደሚይዝ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ቤት ገብቼ ለእናኑ ሁሉንም ነገርኋት። ልጁን እያጠባች ሰማችኝ። አልጮኸችም።

«ያዳነው ሰው ተባርሮ አንተ ድግስ ልትበላ ነው?» አለችኝ። «ልጁ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ተናገር ዘለቀ። አለዚያ እኔ እናገራለሁ።»

እሑድ ገና ሳይነጋ ወደ ባላምባራስ ግቢ ሄድሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ ከፈተልኝ። ከጋቢናው ያን ታኮ አወጣሁ። ጎማው የተነከሰበት ቦታ ሰርጉዷል፤ ደሙም አለበት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይቀርባል። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ ጎንበስ ብሎ ይቆያል። እኔ በድንጋይ ፋንታ ታኮውን በማጅራቴ ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ።

አያ ሙጬ እንዳለው ከደጀ ሰላሙ ቆሟል፤ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል። ባላምባራስ ኩታቸውን ለብሰው ከቄሱ ጋር ያወራሉ። እናኑ ልጁን ታቅፋ ታየኛለች። ሄጄ አያ ሙጬ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«ምንድን ነው ይህ?» አሉ ባላምባራስ።

ተናገርሁ። ካራውን፣ ፎሌውን፣ «ሾፌሩ እኔ ነኝ» ያልሁትን፣ ትናንት ዝም ማለቴንም ሳይቀር ተናገርሁ። ቄሱ ሰሙ፣ ዘመድ ሁሉ ሰማ። ራሴን ቀና ማድረግ አልቻልሁም፤ ወይራ ከባድ ነው።

«አውርደው» አለኝ አያ ሙጬ። «አውርደው በቃ፣ ያምሃል። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ታኮውን አወረድሁ። አለቀስሁ።

ባላምባራስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ትናንት ስጠይቅ የት ነበርህ?» አሉኝ።

«አጠገብዎ ነበርሁ፣ ጌታዬ።»

«አዎ፣ አጠገቤ ነበርህ» አሉ። ከዚያ ወደ አያ ሙጬ ዞሩ። «አንተም ዋሽተኸኛል። ያንተን ለቄሱ ትናገራለህ። ሰኞ ሥራህ ላይ እንድትገኝ።»

ወደ እኔ ተመለሱ። «እኔ ዛሬ ልጅህን አላነሣም። ሙጬ ያነሣዋል። አባቱን ከስምንት ሰው ደም ያወጣ እሱ ነው። አንተ ደግሞ ዓመት ሙሉ ታኮ ትጥላለህ። መሪውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ሙጬ ጋቢና ተቀምጦ ያዝዝሃል።»

አያ ሙጬ አልተቀበለም። «እጄ ቆስሏል፣ ልጁን እጥለዋለሁ» አለ። ቄሱ «በክንድህ ታቀፈው» አሉት። ልጄ ከውኃው ሲወጣ የተቀበለው ያ ክንድ ነው። ጨርቁ ሁሉ ራሰ። ባላምባራስም ቤታችን መጥተው ከበጉ በሉ፤ ወጡ ጥሩ ነው አሉ። እናኑ እኔን አየችኝ። እውነቷን ነበር፣ በጉ በቃ።

ያን ዓመት ታኮ ጣልሁ። አፍሬ ነበር፤ ሉማሜ ላይ የሚሾፍብኝ አላጣሁም። «ሾፌር ነበረ፣ ተሻረ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ግን ያን ዓመት የሰጡኝን ባላምባራስን አመሰግናለሁ። ከመሪ ላይ ሆኖ የማይታይ ብዙ ነገር ከጎማ አጠገብ ይታያል። ጭነት ሲያዘነብል፣ የጎማ ነት ሲላላ፣ መሬት ከሥር ሲበላ፣ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ተንበርክኬ ነው። «ገብቷል» ብዬ ስጮኽ ላይ ያለው ሾፌር እኔን አምኖ እግሩን እንደሚያነሣ ያኔ ገባኝ። የእጅ ፍሬኗም ከክርስትናው በኋላ በዚያው ሳምንት ተሠራች።

ዓመቱ ሲሞላ ባላምባራስ ቁልፉን መለሱልኝ። አያ ሙጬም እንደገና ረዳቴ ሆነ። ባሉት ጣቶች ታኮ ሲያስገባ የማንም ወጣት እጅ አይቀድመውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «አንተ ልጅ» ብሎኝ አያውቅም። «አበልጄ» ይለኝ ነበር።

ካራዬን ለእናኑ ሰጠኋት፤ ሽንኩርት ስትከትፍበት ኖረች። ከዚያ በኋላም አውሬ መትቻለሁ፤ በመንገድ የኖረ ሰው አልመታሁም አይልም። ስመታ አቆማለሁ፣ ታኮ ይወርዳል፣ «ገብቷል» ይባላል፣ ከዚያ ሄጄ አያለሁ። የሞተውን ሌላ መኪና እንዳያደናቅፍ ከመንገድ እናወጣዋለን። የደነዘዘውን እንተወዋለን፤ ብዙዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። በዚያ ቁልቁለት ሳልፍ ደግሞ አውሬ ኖረም አልኖረም ክላክስ እነፋለሁ።

አያ ሙጬ ሸምግሎ፣ ቆርቦ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ልጄ ነው። ከቀብር መልስ ባለቤቱ ያን ታኮ አመጡልንና «ለክርስትና ልጄ ስጡልኝ ብሏል» አሉ። የጎማው ንክሻ አሁንም አለበት፤ ገመዱን ልጄ ለውጦታል። የልጄ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው ያለው።

ለምትነዱ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። መንገድ ላይ ምንም ነገር ቢወድቅ፣ ሥጋም ይሁን ሲሳይ፣ መጀመሪያ ታኮ ይውረድ። «ገብቷል» ሳይባል እግራችሁን ከፍሬን አታንሡ።